ጦስኝ መስሎኝ

ጥቅምት 6 ቀን

ለቤቴ ምሰሶ፣ ከድልድዩ ማዶ ላለው ሜዳና ለቅጠሉ ሁሉ አዛዥ፣ ለባለቤቴ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እናቴስ እንዴት ሰነበተች? ዶሮዎቹ፣ ጎረቤታችን አናጢው፣ የአናጢው ሳል፣ ሁሉም እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ብሎ ስለሚጀምር ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም።

ወረቀትሽ ደርሶኛል። ደብዳቤ ብዬ ልጠራው አልደፈርኩም። ከላይ ሰላምታ የለው፣ ከታች ስም የለው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ምን ያዘህ?» ቴሌግራም እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ለደረቀ ቅጠል መጠቅለያ ሲሆን ጋዜጣ ሙሉ ታጥፊያለሽ፤ ቁጠባው የሚመጣብሽ ለእኔ ስትጽፊ ነው።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ጉንፋን ነው የያዘኝ። በክረምቱ ዝናብ ገባ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እስካሁን ልሂድ አላለም። የሥራ ውሌ በመስከረም ማለቁን አልረሳሁም። «በመስከረም እመጣለሁ» ብዬ አውቶቡስ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ የጮህኩትም እኔው ነኝ። ግን በተሳፋሪ ሁሉ ላይ እያስነጠሱ ያን ያህል መንገድ መሄድ ነውር ነው። ሥራ አስኪያጁም ውሉ ቢያልቅም ዝም ብለህ ሥራህን ቀጥል ብሎኛል።

እዚህ መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው «የመዓዛ ጥራት ተቆጣጣሪ» ነው፤ ሠራተኛው ባጭሩ «አፍንጫው» ይለኛል። ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ ማለት ይቻላል። አመሻሽ ላይ ቅርጫትሽን ይዘሽ ስትገቢ በር ላይ አስቁሜሽ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሻርፕሽ ላይ የዋልሽበትን አንድ በአንድ ስነግርሽ ትዝ ይልሻል? ከድልድዩ ማዶ ነበርሽ፣ እንሰላል ነቅለሻል፣ ስትመለሺ አናጢው ቤት ጎራ ብለሻል፣ ሙጫ ሸተሽኛል እልሽ ነበር። አንቺም ጠንቋይ ነህ ወይስ ውሻ ትይኝ ነበር። በዚያ ውሻነቴ ነው የሳሙና ፋብሪካው የቀጠረኝ፤ ያን በር ጥዬ ለመሄድ ያበቃኝም እሱ ነው።

ጉንፋኑ ሲለቀኝ እመጣለሁ። እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ባልሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለጉንፋናሙ ባሌ፦

ሰላምታ የለውም ላልከኝ፣ ይኸው ሰላምታ። እንደምን ሰነበትክ? አፍንጫህ እንደምን ሰነበተ? ወንበር ስቦ የተቀመጠው እንግዳህስ እንዴት ነው? ይበቃሃል?

«ምን ያዘህ» ያልኩህ ለምን ቀረህ ማለቴ ነው። ይኸን የማያውቅ ሰው የለም። አንተ ግን የሐኪም ቤት ካርድ ይመስል ሞልተህ ላክኸው። በዚህ ዓለም ላይ «ለምን አልመጣህም» ተብሎ «አስነጠሰኝ» ብሎ የመለሰ ባል ካንተ በፊት የነበረ አይመስለኝም። እናትህ ደብዳቤውን አስነበቡኝና ልጄ ትምህርት ቤት ላለመሄድም ሆዱን ነበር የሚያመው አሉ።

ይሁን። የበሽታ መልስ ከሰጠኸኝ የመድኃኒት መልስ እሰጥሃለሁ። ከኮረብታው ጀርባ ድንጋዩ ሥር የሚበቅለውን ጦስኝ ልኬልሃለሁ፤ ራሴ ለቅሜ በጥላ ያደረቅኩት ነው። የፈላ ውሃ ላይ ጣል አድርገው፣ ፎጣ ተከናነብና እንፋሎቱን ሳበው። ደረትህንም አፍንጫህንም ይከፍትልሃል። ፊትህን ከድስቱ አርቅ፤ ያለፈው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃ ጋር ተጣልቶ መጥቶ እጁን እሬት ስቀባው ነው የዋልኩት፣ ላንተ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሚደርስ እጅ የለኝም።

የጠቀለለው አናጢው ነው። እኔ ለእናትህ ጉልበት ሳማ ስለቅም እጄ አብጦ ክር መቋጠር አቅቶኝ፣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን አውርደህ ጠቅልልልኝ ብዬው ወጣሁ። ሳማው እናትህን ጠቅሟቸዋል፤ ሲገረፉ ይሰድቡኛል፣ ሲነሱ ይመርቁኛል። እኔ ግን እስከ ክንዴ ነደድኩ። ሳማ ይለበልባል። ሳይሳሙ መክረምም ይለበልባል፤ ለሁለተኛው የሚቀባ አላገኘሁለትም።

በየቀኑ ሰው በሬን ይመታል። የአንዱ ሕፃን ሆዱ ነፍቶ እንሰላል፣ የአንዷ ጉሮሮ ተዘግቶ ጦስኝ። ትኩሳቱ አልበርድ ላለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት ስላቸው ቅጠል የነፈግኳቸው ይመስል ያኮርፋሉ። በሩ በተመታ ቁጥር ግን መጀመሪያ የማስበው በሽተኛ አይደለም።

ና። ሌላ የምለው የለኝም።

ሚስትህ


ኅዳር 25 ቀን

ለቅጠል በጣሿ፣ ሐኪም ቤት ሳያስመርቃት ሰፈር ላስመረቃት ባለቤቴ፦

ጤና ይስጥልኝ እንዳልል መስጠቱን ከእግዜር አንቺ ወስደሽበታል። ምስጋናዬን ተቀበይ።

ጦስኝሽ ደረሰ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ክፍሌን የምታውቂው በደብዳቤ ነው፤ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ እሳት ያላት ምድጃ፣ የፋብሪካውን ግንብ የምታሳይ አንዲት መስኮት። ውሃውን አፍልቼ፣ ፎጣ ተከናንቤ፣ ገና አንዴ ስስበው ኮረብታው ከነድንጋዩ ክፍሌ ገባ። ያ ሽታ፣ ያ የቀትር ፀሐይ ያሞቀው ሽታ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ እንኳ በር አንኳኩታ ምንድነው የሚሸተው ብላ ጠየቀችኝ፤ የባለቤቴ እጅ ነው አልኳት። ወዲያው ደረጃውን ወረደች፤ ቅናት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የሥራ ወሬ። ባለፈው ወር ሳሙና ቀቃዩ፣ ያ የምነግርሽ ወዳጄ፣ ታሞ ቀርቶ ተተኪው የሽቶውን በርሜል ትቶ የላምባውን ጨመረበት። እኔም አሽትቼ «ይለፍ» ብዬ ፈረምኩ። አንዳንድ ሰዎች ላምባ ላምባ ይላል ብለው አጉረመረሙ። እኔ እንደ ባለሙያ ግንባሬን ቋጠርኩ። ሳሙናው ገበያ ወጣ። ገዢው ታጥቦበት ትኋን ጠፋልኝ አለና ለጎረቤቱ ነገረ፤ በሳምንቱ ፋብሪካው በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህ አዲስ መዓዛ ከዛሬ ጀምሮ «የተራራ ንፋስ» ይባላል ብሎ አወጀ። እኔንም በድፍረቴ አመሰገነኝ። አሁን ዋና አፍንጫ ነኝ፤ ከሥሬ ሁለት ታናናሽ አፍንጫዎች ተመድበውልኛል።

ሹመቱ ግን አዲስ ውል አለው። ሦስት ዓመት ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ አስብበት ተብያለሁ። አልፈረምኩም። እምቢም አላልኩም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ብቻ ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል።

ባልሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለዋናው አፍንጫ፦

ለሹመቱ እንኳን ደስ አለህ። ታናናሾቹን አፍንጫዎች ሰላም በልልኝ።

ሆድ ብሶኛል ላልከኝ እንሰላል ልኬልሃለሁ። ፍሬውን ወቀጥ አድርገህ በሙቅ ውሃ ጠጣው፣ ለነፋ ሆድ ፍቱን ነው። አዎ፣ የትኛው ሆድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ የእኔን ጥያቄ ወደ ጉንፋን ካዞርከው እኔም ያንተን ሐዘን ወደ ጋዝ ባዞረው ምን አለበት? ይህንን ደግሞ የጠቀለልኩት በገዛ እጄ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ባለፈው ቅዳሜ የአናጢው ሳል በርትቶበት መጣ። ጦስኝ ልሰጠው ብዬ ቀና ስል ጓዳ ምስማሩ ላይ ነው። የላክሁልህ ጦስኝ። ከነክሩ፣ እኔ እንዳሰርኩት። ይኸ ምንድነው ስለው ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከና ምስማር ያልሽኝ የበሩን ምስማር መስሎኝ ነበር አለ። የበሩ ምስማር ላይ የተሰቀለው ደግሞ ለዶሮዎቹ ጎጆ የሚነጠፈው ድርቆሽ ነው። አዲስም አይደለም፤ የተነጠፈበት ነው፣ ፀሐይ እንዲመታው የሰቀልኩት።

እንግዲህ ኮረብታው ከነድንጋዩ የገባልህ ከዶሮ ጎጆ ነው። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ቅናት አይደለም የያዛት።

መጀመሪያ እናትህና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አናጢው እንኳ እየሳለ ሳቀ። ከዚያ ሰው ሲሄድ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። «ያ የቀትር ፀሐይ ያሞቀው ሽታ» የሚለውን። ሳቄ ጠፋ። አንተ እኮ ከመንገድ ማዶ ሆነህ የትኛው ቤት ምን እንደተጣደ የምታውቅ ሰው ነህ። ጦስኝን ከዶሮ ድርቆሽ ያልለየ ሰው ላምባን ቢያሳልፍ አይደንቀኝም፤ የሚደንቀኝ እኔን ለማታለል ያን ያህል አሳምረህ መጻፍህ ነው።

ከመቼ ወዲህ ነው? ቀልዱን ተውና ጻፍልኝ።

ና።

ሚስትህ


ጥር 3 ቀን

ለባለቤቴ፦

ቀደም ብዬ የላክሁት ደብዳቤ፣ «የአገራችን ድርቆሽ ራሱ መዓዛ አለው» የሚለው፣ ከደረሰሽ ምድጃ አቀጣጥዪበት። ስጽፈውም እያፈርኩ ነበር።

ከሐምሌ ወዲህ ነው። ጉንፋን ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ጉንፋን ነበር። ትኩሳት ይዞኝ ሰነበተ፤ ሲለቀኝ ግን ባዶ እጁን አልሄደም፣ ሽታን ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደ። የሎሚ ልጣጭ፣ የገነፈለ ወተት፣ የሠራተኛው መጸዳጃ ቤት፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ሆነ። በአፍንጫዬ ፊት ሁሉም እኩል ነው፤ እንዲህ ያለ እኩልነት በየትም አገር አልታየም።

የሚያውቀው ሳሙና ቀቃዩ ብቻ ነው። ጥሩ ሲሆን ጆሮውን ያካል፣ መጥፎ ሲሆን ይስላል፤ እኔም እሱን እያየሁ ግንባሬን ቋጥሬ እፈርማለሁ። የላምባው ቀን እሱ አልነበረም። ያን ቀን የፈረምኩት በእግዜር ስም ነው። ተባረርኩ ብዬ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ሾሙኝ። አፍንጫዬ ሲሠራ አንድም ቀን ያላመሰገነኝ ሥራ አስኪያጅ፣ አፍንጫዬ ሲሞት ዋና አደረገው።

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። አፍንጫዬ ውስጥ መብራት አበራና ጠብቅ አለኝ።

አሁን ለመጀመሪያው ጥያቄሽ። ስሄድ የሰጠሽኝ ሻርፕ ትራሴ ሥር ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱን ነበር የማሸተው። ቅጠሉ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣና በመጨረሻ፣ ከቅጠሉ ሁሉ ሥር፣ አንቺ ትመጪ ነበር። አሁን ሳሸተው ጨርቅ ነው። ጨርቅ እንኳ አይሸትም፤ በእጄ ስለምነካው ነው ጨርቅ መሆኑን የማውቀው።

እዚህ ሆኜ፣ የማትሸቺኝ ርቀሽ ነው እላለሁ። ሩቅ የሆነ ነገር አይሸትም፤ ደንብ ነው። እዚያ በር ላይ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ባትሸቺኝ ግን ምን እላለሁ? እስካልመጣሁ ድረስ ያለሽ ይመስለኛል። ከመጣሁ በኋላ የምጠፊብኝ ይመስለኛል።

ይኸ ነው የያዘኝ። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ባልሽ


ጥር 19 ቀን

ለባሌ፦

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ። አፍንጫው ያንተ፣ ዓይኑ የእኔ ሆነ። እናትህ ምን ሆነሽ ሲሉኝ ሽንኩርት ነው አልኳቸው። ሽንኩርቱ የታለ አሉኝ። እሳቸውን መዋሸት ካንተ ይከብዳል።

ካለቀስኩ በኋላ ተናደድኩ። ከሐምሌ እስከ ጥር ብቻህን ይዘኸው ከረምክ። ሰፈሩ ሁሉ ያመመውን ይዞ እኔ በር ላይ ይሰለፋል፣ የገዛ ባሌ ግን በሽታውን ይደብቀኛል። አንጥረኛ ቤት ማረሻው ዶልዱሞ እንዲሉ።

ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቅጠል የለኝም። አልዋሽህም። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሜዳውን ዞሬ፣ የማውቀውን ሁሉ እያነሳሁ አየሁት። ጦስኝ የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል፤ ያንተ ግን ክፍት ነው፣ ውስጡ ሰው የለም እንጂ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት። ለአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም አለችኝ። ለየትኛው ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ወደድኳት፤ እኔም የማላውቀውን ስጠየቅ እንደዚያ ባደርግ ብዙ ቅጠል ይተርፈኝ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። እኔ ሳገባህ አፍንጫህ ብቻውን አልመጣም። እጅህም፣ ጆሮህም፣ ማንኮራፋትህም አብሮ መጥቷል። ማንኮራፋትም የአፍንጫ ሥራ ነው ካልከኝ፣ እሱንም ትኩሳቱ ይዞልህ ሄዶ እንደሆን ጻፍልኝ፣ ለደስታዬ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ ስታስቆመኝ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እኔ ግን አልጨፈንኩም፤ አንተን አይ ነበር። ግንባርህ ላይ ያሉት ሽብሽቦች እንዴት እንደሚሰበሰቡ፣ እንሰላል ስታገኝ አፍህ በየት በኩል እንደሚስቅ አውቃለሁ። አንተ ሽታዬን ታውቃለህ። መልኬን ታውቀዋለህ?

ከእንግዲህ ና አልልህም። ቃሉ አለቀብኝ። ወረቀቱን ፈርም አትፈርም፣ ያንተ ጉዳይ ነው። ሌላ ደብዳቤም አትጠብቅ።

ሚስትህ


የካቲት 2 ቀን፣ ከቤታችን

በእኔ ክፍል፣ በእኔ የብረት አልጋ ላይ ለምትገኘው ባለቤቴ፦

የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ይህን ፖስታ ስትሰጥሽ እንዳትደነግጪ። ቅድም ፖስታና ቴምብር ስገዛ፣ የጻፍኩት አድራሻ የራሴ መሆኑን አይቶ ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ለራስህ ነው የምትጽፈው አለኝ። አይ፣ ለሚስቴ ነው አልኩት። እና ሚስትህ የት ናት? እኔ ጋ። እና አንተ የት ነህ? እሷ ጋ። ቴምብሩን ሰጥቶኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

«ና አልልህም» ያልሽውን ሳነብ አለቀ፣ ተወችኝ ነው ያልኩት። ሌላ ምን ልበል? ወረቀቱን ሳልፈርም ወስጄ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እንዲህ ያለ አፍንጫ ከየት አመጣለሁ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ከየትም አይገኝም አልኩት፣ እውነቴን ነበር። ሳሙና ቀቃዩ በር ድረስ ሸኝቶኝ ሊሰናበተኝ ሲል ጆሮውን ማከክ ጀመረ፤ ከዚያ ሳለ፤ ከዚያ ሁለቱንም ባንዴ አደረገ።

ትናንት ከሰዓት ደረስኩ። በሩ ላይ እናቴ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ እንደ ልጅነቴ ከትምህርት ቤት አርፍጄ የመጣሁ ይመስል፣ «ወዳንተ ሄደች» አለችኝ።

ወዴት አልኳት።

«ና አልለውም ማለቷ እኔ እሄዳለሁ ማለቷ ነው። ይኸ እንዴት ይጠፋሃል? ብነግረው አትምጪ ይለኛል ብላ ደበቀችህ እንጂ። እህቷ መጥታ እኔን እስክትረከብ ነው የቆየችው።»

ከትናንት ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጥታለች አለችኝ። እኔም ከትናንት ወዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የወጣሁት። ሁለቱም አውቶቡሶች ለእራትና ለአዳር የሚቆሙት መሐል መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ምናልባት አንድ የእጅ መታጠቢያ ላይ ተራ ስንጠብቅ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በሩን ሳልገባ አውቅሽ ነበር።

ቤቱ ስገባ አልሸተተኝም። ምንም። የፈራሁት ነገር እሱ ነበር፤ ይኸው ሆነ፤ ጣሪያው ግን አልወደቀም። አልጋው አልጋ ነው። ቅርጫትሽ የኋላ በር ላይ ነው፣ እጀታው በእጅሽ በኩል ጠቁሯል፤ ይኸን አይቼው አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት እዚሁ ቤት ውስጥ ኖሬ።

ጠዋት እህትሽ ገበያ ወጥታ ሳለች በሩ ተመታ። ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ ያው እጁ። ከዚያ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ። ጓዳ ገብቼ የሰቀልሽውን ሁሉ አየሁት፤ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነገር ነው። ማሽተት ቀርቶብኛል፣ በዓይን ደግሞ ተምሬው አላውቅም። በዶሮ ድርቆሽ እንዳላጥናቸው ፈራሁና ለማንም ምንም አልሰጠሁም። ባለቤቴ ስትመጣ ኑ አልኳቸው። መቼ ነው የምትመጣው አሉኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

አሁን ዋናው ነገር። ይኸን ስታነቢ ሮጠሽ አውቶቡስ መሳፈርሽ አይቀርም። እኔም ዛሬውኑ ልነሳ እያልኩ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ዘግቼ ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ። ሁለታችንም ከተነሳን እንደገና ያ ምግብ ቤት በር ላይ ጀርባ ለጀርባ እንተላለፋለን፣ በዚህ ዓይነት አውቶቡስ ውስጥ እናረጃለን። አንዳችን መቀመጥ አለብን። እስካሁን የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

እንዲህ ከባድ መሆኑን አላወቅኩም። ገና አንድ ቀኔ ነው፣ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ፤ ሰዎች ይወርዳሉ፣ አንቺ አይደለሽም፣ እቀመጣለሁ። እንኳን አንቺ ልትሆኚ ይኸ ደብዳቤ ራሱ ገና እዚህ እጄ ላይ ነው። አውቀዋለሁ። ግን እቆማለሁ።

ቅድም በጓሮ በኩል ስንቆራጠጥ እናቴ ጠራችኝ። ወንበሯን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችና ከጎኗ ያለውን ድንጋይ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ «እዚህ ተቀመጥ» አለችኝ። «መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ የሚታየው ከዚህ ነው። እሷም እዚህ ነበር የምትቀመጠው።»

እዚያው ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ባልሽ